ከበር አጠገብ የሚቀመጥ ትሑት ሰው

ና ጋሻዬ፣ ወዲህ ና፤ እዚህ መደቡ ላይ ከኔ ጎን ተቀመጥ። ቅዳሴው ዛሬ ረዘመ ወይስ የኔ ጉልበት አጠረ? ውርጩም ነው እንጂ! የዘንድሮ ጥር እኮ ለብቻው ነው። ጠዋት በቅሎዎቼ የሚጠጡበትን ገንዳ ባየው ላዩ ላይ ስስ በረዶ ሠርቶ አድሯል። አሮጊቷ በቅሎ አፍንጫዋን አስጠግታ «ፉፍ» አለችና ዞራ እኔን ታየኛለች... እኔ ያቀዘቀዝኩባት ይመስል! ደግነቱ ገብሱ ቀድሞ ተወቅቷል። የናንተስ ገባ? እሰይ። እንግዳው ግን ከጥምቀት ወዲህ ቀጠነ፤ ትናንት ወደ አሸተን ማርያም የወጡልኝ ሁለት ፈረንጆች ብቻ ናቸው። ባልየው በበቅሎ፣ ሚስቲቱ በእግሯ። ፈረንጅ አገርም ያው ነው እንዴ አልኩ በሆዴ።

የሰንበቴው ተራ ዛሬ የማን ነው? የአመተ ጊዮርጊስ? እጇ ይባረክ! ዳቦው ሲቆረስ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ጠላውም ቢሆን ጥሩ ጠንስሳዋለች፤ ጣሳህን ወዲህ በል ልሙላልህ። አንተማ ትጠጣለህ፤ ሳትፈራ ትጠጣለህ። ሁሉ ሰው እንዳንተ ሳይፈራ ቢጠጣ ምን ነበረበት...

ኧረ ምንም አላልኩም። ወደ በሩ አታፍጥ እንጂ! ሰው ሲያዩት ያፍራል። እኔ ስለማንም እያወራሁ አይደለም፤ እንዲያው በጥቅሉ ነው። አንድ ሰው አለ እንበል... ይህ ሰው ድሮ ለሰንበቴ ሲመጣ ጣሳው ተደጋግሞ ካልተሞላለት የማይነሣ፣ «ጠላው ቀጠነ፣ ጌሾው አነሰ» እያለ ባለተራዋን የሚያስለቅስ ሰው ነበረ። አሁን ጣሳው ሲዞር መዳፉን ይከድንበታል። ጾም ነው እንዳልል ጾሙ ገና አልገባም። ስእለት አለብኝ አለ አሉ። እንዲህ ያለ ስእለት ይብዛልን! እኛ ኃጥአን ስንጎነጭ እሱ ከንፈሩን በምላሱ እያራሰ ይመለከተናል። ምን ዓይነት ጽናት ነው?

ትሕትናውስ? ያ ከላይ ያለው ቦታ፣ ከካህናቱ ቀጥሎ ያለው፣ የማን ነበር? ሌላ ሰው ተሳስቶ ቢቀመጥበት እስከ ማኅበሩ ስብሰባ የሚደርስ ሙግት የሚነሣበት ቦታ አልነበረም? ዛሬ ባዶውን ተቀምጧል። ባለቤቱ «እኔ እዚህ ይበቃኛል» ብሎ ከበር አጠገብ፣ ከነፋሱ አፍ ላይ ወርዷል። «ለግብዣ ስትጠራ ከዝቅተኛው ስፍራ ተቀመጥ» የሚለውን ወንጌል ስንት ዘመን ሰማን? ሰምተን ዝም። እሱ ግን ፈጸመው። ለመውጣትም ይቀላል፤ ማለቴ ለንጹሕ አየር።

ይኸው... ተነሣ። ኧረ እግርህን ሰብስብለት ጋሻዬ፣ ይለፍ! ለእንዲህ ያለ ሰው መንገድ ይጠበዋል?

ወጣ። ምነው ክንዴን ትጎነትለኛለህ? ድምፅህን ቀንስ ነው? ለምን እቀንሳለሁ? መስኮቱ በቁልቋሉ በኩል ነው፤ እሱም ቁልቋሉ ጀርባ ነው፤ እንኳን ቃል ሳል ይሰማል። ይስማ እንጂ! እኛ የምናወራው ምስጋና ነው። ሰው ምስጋናውን በቁሙ ካልሰማው መቼ ሊሰማው ነው?

ደግሞ እዚያ ወጥቶ ቶሎ አይመለስም። ፊቱን ወደ ቁልቋሉ አዙሮ፣ አንገቱን አቀርቅሮ፣ አንድ እጁን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ ይቆማል... ይቆማል... ትንሽ ይተነፍስና እንደገና ይቆማል። ምን የሚያደርግ ይመስልሃል? ይጸልያል ነዋ! ሰው እንዲያ ሆኖ ያን ያህል የሚቆመው ሌላ ምን ሊያደርግ? ለኛ ለጠጪዎቹ ነው የሚጸልየው።

ሌሊትም እንዲሁ ነው አሉ። የገዳም መነኩሴ ሌሊት አንዴ ቢነሣ ነው፤ ይህ ሰው አራቴ አምስቴ ይነሣል። የገዛ ውሻው እንኳ መጮኹን ትቶታል፤ በሩ ሲጢጥ ሲል አንድ ዓይኑን ይገልጥና ይከድነዋል ይባላል። ከማን ሰማህ አትለኝም? ከሚስቱ። ለኔ አይደለም የነገረችኝ፤ ነገሩን የተናገረችው ለዶክተሩ ነው፣ ያውም ስለ ጎረቤቷ አድርጋ። አንተ አዳራሹ ውስጥ አልነበርክም? አዎ፣ ረሳሁት፤ አንተም ሚስትህን ይማርሽን ነው የላክኸው።

እንግዲህ አንተ ያልሰማኸውን እኔ ላሰማህ። ባለፈው ማክሰኞ ዓይናዲስ፣ ይቺ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ፣ በአንድ ለአምስቱ በኩል መልእክት ሰደደች። «ከደሴ ሐኪሞች መጥተዋል፤ ስለ ወንዶች ጤና ትምህርት አለ፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ቀበሌ አዳራሽ ይገኝ» አለች። ልጅቱ ምን አጠፋች? አንድ ሰው ማለቷ ነው ያጠፋችው! እኛ ቤት ጤና ሲባል ምንድን ነው? ክትባት ነው፣ የነፍሰ ጡር ክትትል ነው፣ የመጸዳጃ ቤት ክዳን ነው። ወንዱ ሁሉ መልእክቱን ሰምቶ ወደ ጓዳ ዞረና «ሂጂና ስሚ፣ ማታ ትነግሪኛለሽ» አለ። ጥቂት የሚያመነታ እንኳ ቢኖር፣ አንድ የዕድር ዳኛ... ማለቴ አንድ ቃሉ የሚሰማ ሰው፣ ቅዳሜ ገበያ ባይሆንም የገበያ ያህል ሰው በተሰበሰበበት ቆሞ «ጤና የሴት ነገር ነው፤ ወንድ ልጅ ለጤና ስብሰባ አይወጣም» ብሎ ፈረደለት። ዳኛ ከፈረደ በኋላ ይግባኝ ወዴት ይባላል?

እኔ ደግሞ አሰለች ካረፈችብኝ ወዲህ የምልከው ሰው የለኝም። ሚስት የሌለው ሰው ሁሉን ነገር በገዛ ጆሮው ነው የሚሰማ። ሄድኩ። የመቁጠር አመሌን ታውቃለህ፤ ገብቼ ዓይኔን ሳዞር አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሴት ነው። ወንድ የምንባል እኔና የቀበሌው ዘበኛ፤ ዘበኛውም ተኝቷል። ዶክተሩ ሀቢብ ይባላል፣ የኛው የወሎ ልጅ ነው፣ ሳቂታ። ገባና ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፣ «ወንዶቹስ?» አለ። ዓይናዲስ መሬት መሬት አየች። ከኋላ ማሚቱ ናት፣ በርበሬ ነጋዴዋ፣ «አንተ ቀጥል ልጄ፤ እኛ እንነግራቸዋለን» አለችው። ምን ያድርግ? ቀጠለ!

ጉድ ነው የሰማሁት ጋሻዬ። ለካ ወንድ ልጅ ሆዱ ውስጥ፣ ከፊኛው በታች፣ የኮክ ፍሬ የምታህል ዕጢ አለችው። ፕሮስቴት ትባላለች። የሽንት መውጫውን እንደ ቀለበት ከብባ ነው የምትቀመጥ። አንተ ታውቃት ነበር? እኔ ስሟን ሳልሰማ ስድሳ ዓመት አልፌ ይዣት ዞሬአለሁ። በቅሎ ስገዛ ከጥርሷ እስከ ኮቴዋ አገላብጬ ነው የምገዛ፤ የራሴን ዕቃ ግን አንድም ቀን አላገላበጥኩም። እና ምን ሆነ መሰለህ? ወንዱ ያለውን ነገር ሳያውቅ ቀረ፤ ሴቷ የሌላትን ነገር አጥንታ ተመለሰች። ዛሬ በዚህ አገር ስለ ወንድ ዕጢ የሚጠይቅ ሰው ወፍጮ ቤት ይሂድ፤ እዚያ ወረፋ የያዙት ሁሉ ያስረዱታል።

ዶክተሩ ደግሞ አላስፈራራም። «ወንድ ሲያረጅ ይቺ ዕጢ ታብጣለች፤ ሽንት የሚያጣድፈው፣ የሚቆራረጥበት፣ ሌሊት የሚያስነሣው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ ብዙው እብጠት ብቻ ነው፣ መድኃኒትም አለው» አለ። «ግን ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም። ካንሰሩ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ወገብና አጥንት ማመም ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሩቅ ሄዷል። ስለዚህ ሃምሳ ዓመት የሞላው ወንድ ሳያመው በፊት መጥቶ ያማክረን፤ በጊዜ የተገኘ ይታከማል» አለ። ይህን ሁሉ የሰማሁት እኔ አንድ ሽማግሌና ያ ሁሉ ሴት ነን። ዘበኛው እንኳ ገና አልነቃም።

ምርመራው ምንድን ነው ትለኛለህ? አንደኛው ደም መስጠት ነው፣ ከክንድ ላይ። ቀላል ነው። ሁለተኛው... ሐኪሙ ጓንት ያጠልቅና በጣቱ ዕጢዋን ይዳብሳል። በየት በኩል? ጠላህን ጠጣ ጋሻዬ። እንዲያ ነው። እኔም እንዳንተ ዓይኔ ፈጠጠ። ሴቶቹ ሳቁ እንዳትል፣ አልሳቁም፤ ማሚቱ ግን ተነሥታ «እኛ ይኸን ሁሉ ልጅ ስንወልድ ያላየን ማን አለ? ለአንድ ጣት ነው ይኸ ሁሉ ኩራት?» አለች። ያን ጊዜ ነው አዳራሹ የፈረሰው። ዘበኛውም ያን ጊዜ ነው የነቃው።

ሳቁ በረድ ሲል አንዲት ሴት ከመካከል ተነሣች። ጨዋ ሴት ናት፣ የጨዋ ልጅ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ለጎረቤቴ ነው የምጠይቀው» አለች። «ጎረቤቴ ሌሊት አራቴ አምስቴ ይነሣል። ወጥቶ ሲቆም በጎቹ ነቅተው፣ አመንዥከው፣ መልሰው ይተኛሉ፣ እሱ ገና ነው። ወገቤን ወገቤን ይላል። በቅሎ መቀመጥ ከተወ ዓመት ሊሆነው ነው።» ዶክተሩ ቀስ ብሎ «ከጎረቤትሽ ወገን እንዲህ ያለ ሕመም የታመመ ነበረ?» አላት። ነጠላዋን ብቻ ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገችው።

ጎረቤቷ ማን ነው አትለኝም? ጎረቤቷ እኮ እኔ ነኝ! በዚያ በኩል ገደል ነው፣ በዚህ በኩል እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ሌሊት አንዴ ከተኛሁ ዶሮም አይቀሰቅሰኝ። ደግሞስ በቅሎ መቀመጡን የተወው ሰው ለበቅሎዋ አዝኖ ነው እንጂ ምን ሆኖ ነው? «ይቺም ፍጥረት ናት፣ ደከማት» ብሎ ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ፣ በዱላው ተደግፎ፣ በየመታጠፊያው ቆም እያለ ይወጣል። እኔ በቅሎ እያከራየሁ ስኖር ለበቅሎ እንዲህ ሲታዘን አላየሁም። ክፉ ሰዎች «ኮርቻው ስለማያስቀምጠው ነው» ይላሉ። የሰው ምላስ!

ይኸው ተመለሰ... እንኳን በደህና ገባ! ቦታው እንዳለ ነው፣ ማንም አልያዘበትም።

ምን እያልኩህ ነበር? አዎ፣ አባ ወልደ ኪዳን። አባ ትናንት ጠዋት ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ሐኪሞቹ ሊመረምሩ ከተቀመጡበት ጤና ጣቢያ ገቡ። እኛ ውጪ የነበርነው ዓይን ለዓይን ተያየን። ሲወጡ አንዱ ደፋር «አባታችን፣ ጠበሉ አይበቃም ወይ?» አላቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙና «ጠበሉን የሰጠ ሐኪሙንም ሰጥቷል፤ አንዱን መርጠህ ሌላውን ብትንቅ የተናቀው ሰጪው ነው» አሉት። እኔም ከሳቸው ኋላ ገባሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሱሪዬን ስፈታ ያሳፈረኝ ሐኪሙ አይደለም፣ ሱሪው ነው፤ የተጣፈው ስፍራ ካልተጣፈው ይበልጥ ነበር። እሱ ግን ሥራውን አየ እንጂ መጣፊያውን አላየ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሳይደርስ አለቀ። ወጣሁ። ወንድነቴም ቆጥሬ አየሁት፣ እንዳለ ነው፣ የጎደለ የለም።

እንግዲህ እኔና አባ ወንድነት የሌለን ሰዎች ሆነን ገባን። ወንድ የሆነው አልገባም። ወንድ ልጅ ምጡን ዋጥ አድርጎ ነው የሚኖረው አይደል? ሽንቱንም ቢሆን።

ጋሻዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ተረቱ ግማሹ ነው። ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄድ የነበረም በቃሬዛ ይሄዳል... ይኸን ተረት ያስተማረኝ ሰው አይደለም፣ ትከሻዬ ነው።

ታስታውሳለህ አልልህም፣ አንተ ያኔ ቆቦ ነበርክ። አንድ ሰው ከደሴ ተመልሶ ከመኪና መንገድ አውርደን ወደ ቤቱ ስንሸከመው፣ ወደ ገነተ ማርያም በኩል፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ያ ሰው የዚያ ትሑት ሰው ታናሽ ወንድም ነው እንበል። ቁመቱ የማገር ያህል የነበረ ሰው፣ ቃሬዛው ላይ ስናወጣው የልጅ ያህል ቀሎን ተያየን። አንድ ሾላ ጥላ ሥር ልናርፍ አወረድነው። ታላቅ ወንድሙ ከራስጌው ተቀመጠ። ታማሚው የወንድሙን የጋቢ ጫፍ ያዘና ምን አለው መሰለህ? «አጥንቴ ውስጥ ገብቷል ብለውኛል። ሽንቴን ሲያስቸግረኝ ያኔ ብመጣ ኖሮ ሌላ ነበር ብለውኛል። አፍሬ ነው የሞትኩት፤ ለልጆቻችን ንገራቸው፣ እኔ የደበቅሁትን አንተ አትደብቅባቸው፣ አደራ» አለው። እኔ ውኃ እየጠጣሁ ነበር፤ የቀረውን መሬት ላይ ደፋሁት። ታላቅየው «እሺ» አለ። ሦስቴ ነው «እሺ» ያለው፤ የመቁጠር አመል አለብኝ አላልኩህም?

እሺ ብሎ ቀበረው። አቀባበሩስ ብትል! ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ ፍታቱ፣ ምን ጎደለ? ለለቅሶ የመጣው ሰው «በምን ሞተብህ?» ሲለው ግን... «ምች መታብኝ» አለ።

ምች! ዓመት ከመንፈቅ የሚያስተኛ ምች አንተ አይተሃል? ምች ከሆነ እኮ ዳማከሴ ጨምቀህ ታሸዋለህ፣ አልቦት ይነሣል። እዚያ ቤት ዳማከሴ የጨመቀም ያሸተተም የለም። እኔ ግን ሰውየውን አደንቀዋለሁ። አደራ ማለት ምንድን ነው? መጠበቅ አይደለም? ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቆታል። ለማንም አላወጣውም። ለጎረቤት አላወጣው፣ ለንስሐ አባቱ አላወጣው፣ ለገዛ ልጆቹ እንኳ አላወጣው! አደራ በላ ሲሉት ሰምቼ ተቆጣሁ። በላ ይባላል እንዴ? ሳይነካው እንዳለ አስቀምጦታል እኮ።

ምን አገባህ ልትለኝ ነው። እውነትህን ነው፣ ምንም አያገባኝም። ልጄን ሰርክአዲስን ያገባውን ልጅ አባት ማለቴ መስሎህ እንዳይሆን! እሱማ አማቼ ነው። አማች ከአማቹ ጋር ከሱሪ በታች ስላለ ነገር አይነጋገርም፤ አባቶቻችን ያቆዩልን ሥርዓት ነው፣ እኔም አላፈርሰውም። ፊት ለፊት ተቀምጬ «እንዴት ይሸናሉ?» ብለው መሬት ተከፍታ ትውጠኝ። ለዚህ ነው ላንተ የማወራህ። አንተ አማቼ አይደለህም፤ ጆሮህም ደህና ነው። የሌላውም ሰው ጆሮ ደህና መሆኑ አልቀረም...

ሰርክአዲስ ማክሰኞ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ዶክተሩ «አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ የታመመበት ሰው እስከ ሃምሳ አይጠብቅ፣ በአርባዎቹ ይምጣ፤ አጎትም ካለ ይነገረን፣ ነገሩ በዘር ይሄዳልና» ሲል ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ምን ላድርግ? ማታ ባሏን «አጎትህ በምን ነበር ያረፉት?» አለችው። ባሏ ብልህ ልጅ ነው፣ አርባውን ባለፈው ዓመት አልፏል፤ ነገሩ ገባው። ተነሥቶ ወደ አባቱ ቤት ሄደ። ልጅ አባቱን እንዲህ ያለ ነገር ለመጠየቅ ስንት ጊዜ ደጁ ላይ ተመላልሶ እንደገባ እኔ በአጥሬ በኩል አይቼዋለሁ። ገባ። «አባባ፣ አጎቴ በምን ነበር የሞተው?» አለ።

አባት እንግዲህ የሾላው ጥላ ትዝ ይለው ይሆን? የጋቢው ጫፍስ? ያው ጋቢ ነው እኮ የሚለብሰው። አባት ልጁን አየና «በምች ነው። በኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም። ይኸን ያች ሚስትህ ናት የነገረችህ» አለው። የኔ ልጅ ናት እንግዲህ ጥፋተኛዋ! ይሁን። ልጁ ደግሞ አባቱን ያምናል፣ አስተዳደጉ ነው። «በዘራችን የለም» ብሎ ተመለሰና ተኛ። ትናንት ጤና ጣቢያው በር ላይ እንግዶቹን እየመራ ሲያልፍ ዓይናዲስ ጠራችው። «እኛ ዘንድ የለም» ብሏት፣ እጅ ነሥቶ አለፈ። አራት ልጆች አሉት። የመጨረሻዋ ገና ጡት አልጣለችም።

አንተ ንገረዋ አትበለኝ! የአማት ወሬ በአባት ቃል ላይ ምን ጉልበት አለው? «አማቴ አባቴን ጠላብኝ» ነው የሚለኝ። እኔ ሙሉ ቀን ብለፈልፍ ከአባቱ አንድ ቃል አይበልጥም። አንድ ቃል! «ልጄ፣ ምች አልነበረም» ማለት። ከባድ ነው? ምላስ ይሰብራል? ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ተያይዘው ቁልቁል ወደ ጤና ጣቢያው ቢወርዱ አንዱ ስለ ሌላው ብሎ የሄደ ይመስላል፤ ማንም ማንን አያፍር። ልጁ ለምሳ ይመለሳል። ሐኪሞቹ ግን ዕቃቸውን መጫን ጀምረዋል፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጋሸና አድርገው ወደ ደሴ ይመለሳሉ። ዳግመኛ መቼ እንደሚመጡ ዓይናዲስም አታውቅም፤ ጠይቄአታለሁ። ማክሰኞ ዕለት ስለ ወንድ ጤና ሊያስተምሩ መጥተው ሴት ብቻ ያገኙበት ወረዳ ሁለተኛ ሐኪም ቢላክለት እኔም ይገርመኛል።

ብቻ የሰው ነገር ምን አደከመኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይሉ ነበር የጥንቶቹ። የኛ ዘመን ዳኞች አሻሽለውታል፤ በሽታውን የደበቀ ቀባሪ አያጣም። የዕድሩም ድንኳን አዲስ ነው፣ ሸራው ዝናብ አያስገባም። እሱ ራሱ ቆሞ ነው ያስገዛው፣ በደንብ አስፍቶ፤ ሰው ብዙ እንደሚመጣ አውቆ...

እህ... ተነሣ። አይ፣ አሁንስ ለጸሎት አይደለም፤ ጋቢውን አጣፍቷል፣ ዱላውንም ይዟል። ሊሄድ ነው። ፊቱን አየኸው? አልተቆጣም። ጨዋ ሰው ነው፣ ስሙ ሳይጠራ አቤት አይልም። ከቅጥሩ በር ላይ መንገዱ ይከፈላል አይደል? ሽቅቡ ወደ ቤቱ ነው። ቁልቁሉ... ቁልቁሉ ለጉልበትም ይቀላል ነበር።

ተነሥ እንጂ ጋሻዬ! ታላቅ ሰው ሲሄድ ተቀምጦ ይሸኛል እንዴ?

ሊሄዱ ነው አማቼ? ምነው፣ ገና ምን ተጫወትን? እኔም እዚህ ከጋሻዬ ጋር ወሬ ይዤ ሳላጫውትዎት ቀረሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንግዲህ በሰላም ይግቡ። እግዜር ያክብርልን። ከደጅዎ ሰው አይታጣ። እመቤታችን ልጆችዎን ትባርክልን፤ መልካቸው፣ ጠባያቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ጤናቸው፣ ሁሉ ነገራቸው ቁርጥ እርስዎን ይሁን።

አሜን በል እንጂ ጋሻዬ... እሳቸውም እንዲሰሙህ ጮክ በል!